ከሁሉ በፊት የነበረው ግሽበት

«ግሽበት» የሚለውን ቃል ሰምቶ ኪሱን የማይዳብስ የአገሬ ሰው ያለ አይመስለኝም። የጤፉ፣ የዘይቱ፣ የቤት ኪራዩ ነገር ትዝ ይለዋልና። ዛሬ ላወጋችሁ ያሰብኩት ግሽበት ግን ከጤፍና ከገበያ ቀርቶ ከምድርና ከፀሐይም በፊት የነበረ ነው። የፊዚክስ ሊቃውንት «ኢንፍሌሽን» ይሉታል። ስያሜው የወጣውም የአሜሪካ የዋጋ ንረት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ በነበረበት ሰሞን ነው።

ሕግ የተማረ ሰው ከጽንፈ ዓለም አጀማመር ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ያገናኘኝ ዕዳ ነው።

ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት በአንድ የይዞታ ክርክር ምክንያት አርባ ምንጭ ሄጄ ነበር። ያረፍኩት ሴቻ በሚባለው የላይኛው ከተማ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ቦታውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀን ላይ በግራ በኩል ቀላ ያለው አባያ፣ በቀኝ ሰማያዊው ጫሞ፣ በመካከላቸው ደግሞ የእግዜር ድልድይ ይታያል። ያን ዕለት ማታ መብራት ጠፋ። ጨረቃም አልነበረችም። ጫሞ ጥቁር ሆኖ ተኝቷል፤ በላዩ ግን ፍኖተ ሐሊብ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ወንበሬን አውጥቼ ሳንጋጥጥ የሆቴሉ ዘበኛ ጠጋ አለኝ። ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ የማታ ተማሪ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? መምህራችን ዓለም ሁሉ ከአንዲት ነጥብ ፈንድቶ ነው የወጣው አሉን። ‹የፈነዳው የት ቦታ ነው?› ብዬ ብጠይቅ ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ።»

«መሐል ላይ ነዋ!» አልኩት፣ ፍርድ ቤት እንደቆመ ሰው ድምፄን ሞልቼ። «ቦምብ ሲፈነዳ ፍንጥርጣሪው ከመሐል ወደ ዳር አይደል የሚሄደው?»

«ታዲያ መሐሉ በየት በኩል ነው?»

ጣቴን ወደ ጫሞ ዘረጋሁና «በዚያ በኩል፣ በጣም ሩቅ» አልኩት። «እሺ ጋሼ» ብሎኝ ሄደ፤ ነገሩ ግን እንዳልተዋጠለት ከድምፁ ያስታውቅ ነበር። መብራት ሲመጣ ወደ ክፍሌ ገባሁ። አሮጌው ቴሌቪዥን ጣቢያ አልይዝ ብሎ ነጫጭ ነጠብጣብ እየረጨ «ሽሽሽ» ሲልብኝ አጠፋሁትና ተኛሁ።

ከዓመታት በኋላ ስለ ጉዳዩ ሳነብ መልሴ ፍጹም ስህተት እንደነበር ተረዳሁ። መዝገብ ሳላገላብጥ አስተያየት አልሰጥም የምል ሰው፣ ክፍሉ የሳቀበትን ትልቅ ጥያቄ በአንድ አረፍተ ነገር ገደልኩት። ከሁሉ የሚቆጨኝ ደግሞ ልጁ የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ መሆኑ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ዕዳ ለመክፈል የሚደረግ ሙከራ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ላስታውስ።

ድፎ ዳቦና ጥቁር አዝሙድ

በ1927 ዦርዥ ለሜትር የተባሉ ቤልጂጋዊ ቄስና የፊዚክስ ሊቅ፣ ከአንስታይን የስበት ቀመር ተነስተው ኅዋ እየሰፋ ነው የሚል ጽሑፍ አሳተሙ። በ1929 አሜሪካዊው ኤድዊን ሃብል፣ ጋላክሲዎች ከኛ በራቁ መጠን የሚሸሹበት ፍጥነትም እንደሚጨምር የሚያሳይ የምልከታ ውጤት አወጣ። በ2018 የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አባላት ይህ ሕግ «የሃብልና የለሜትር ሕግ» እንዲባል በድምፅ ወስነዋል።

ሁሉም ከኛ የሚሸሽ ከሆነ እኛ መሐል ላይ ነን ማለት ነው? አይደለም። ነገሩን በድፎ ዳቦ እንየው። ጥቁር አዝሙድ የገባበት ሊጥ ኩፍ ሲል እያንዳንዷ ቅንጣት ከሌሎቹ ሁሉ ትርቃለች። የትኛዋም ቅንጣት ላይ ሆነን ብናይ ጎረቤቶቻችን ይሸሹናል፤ ቅርቧ በዝግታ፣ ሩቋ በፍጥነት። ቅንጣቶቹ ሊጡን እየሰነጠቁ አልሄዱም፤ የተለጠጠው ሊጡ ነው። ምሳሌው የሚያነክሰው አንድ ቦታ ላይ ነው። ድፎ መሐልና ጠርዝ አለው፤ ኅዋ ግን ጠርዝም ሆነ መሐል እንዳለው የሚያሳይ ምንም ምልክት አልተገኘም።

ከሴቻ ቁልቁል የሚታየው ስምጥ ሸለቆም በዓመት በጥቂት ሚሊ ሜትር እየሰፋ ነው። ያ ግን መሬት ከመሬት መለያየት ነው። በኅዋ ጉዳይ የሚያድገው በጋላክሲዎች መካከል ያለው ርቀት ራሱ ነው። እኛ፣ ጫሞና ምድር አንለጠጥም፤ ስበትና አቶሞችን ያያዘው ኃይል ጠፍሮ ይዞናል።

እንግዲህ ይህን ፊልም ወደ ኋላ ብናዞረው ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት ሁሉም ነገር እጅግ የታፈገና እጅግ የጋለ ነበር። «ታላቁ ፍንዳታ» የሚባለው ይኸው ነው። ስሙ ግን ብዙ ሰው አሳስቷል፤ እኔን ጨምሮ። ባዶ ቦታ ውስጥ የፈነዳ ቦምብ አልነበረም። ዛሬ የምናየው ክፍል ያኔ ትንሽ ነበር፤ የሁሉ ድምር ግን ያኔም ወሰን አልባ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱ ምስክሮች

ይህን ጉዳይ ያየ ሰው የለም። ሕግ ቤት ግን የዓይን ምስክር የሌለው ነገር ሁሉ ውድቅ አይደረግም። የአካባቢ ሁኔታ ማስረጃዎች እርስ በርስ ከተደጋገፉ ሌላ መደምደሚያ እስከማይኖር ድረስ ያስረዳሉ።

የመጀመሪያው ምስክር ጨረር ነው። በ1964 አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ኒው ጀርሲ ውስጥ በአንድ ትልቅ የሬዲዮ አንቴና ሲሠሩ የማያቋርጥ ሽሽታ አስቸገራቸው። አንቴናውን ወደየትም ቢያዞሩት፣ ቀንም ሆነ ሌሊት ያው ነው። አንቴናው ውስጥ የሰፈሩትን እርግቦች አባረሩ፣ ኩሳቸውን ጠረጉ፣ ሽሽታው ግን አልሄደም። በቅርብ ርቀት ፕሪንስተን የሚገኙ የፊዚክስ ሊቃውንት ይህንኑ ጨረር ሊፈልጉ እየተዘጋጁ መሆናቸው ሲታወቅ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ሽሽታው የዚያ የጥንቱ ግለት ቅሪት ነው። ግኝቱ በ1965 ታተመ፤ በ1978 ሁለቱን የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው።

ማስረጃውን የሚያጠነክረው ደግሞ ጨረሩ አስቀድሞ የተነገረለት መሆኑ ነው። በ1948 ራልፍ አልፈርና ሮበርት ኸርማን ከፍጹም ዜሮ 5 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያለ ቅሪት ሙቀት ሊኖር እንደሚገባ በሒሳብ አስልተው ነበር። የተገኘው 2.7 ነው። ሁለቱ የሠሩት ከትውልደ ሩሲያዊው ጆርጅ ጋሞው ጋር ነበር። ስሙ ከጋሞ ምድር ስም ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ቢሆንም፣ ስለ ጫሞ ሌሊት የሚያወጋ ሰው ዝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም።

ያ በዚያ ሌሊት ያጠፋሁት ቴሌቪዥንስ? በአሮጌዎቹ ቴሌቪዥኖች ላይ ጣቢያ ሲጠፋ ከሚታየው ነጠብጣብ አንድ በመቶ የሚሆነው የዚሁ ጨረር ሥራ ነው። ለልጁ ላሳየው የምችለው ማስረጃ ክፍሌ ውስጥ ሲንሿሿ ነበር፤ እኔ ግን ቁልፉን ተጭኜ ተኛሁ።

ሁለተኛው ምስክር ሂሊየም ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጽንፈ ዓለሙ እንደ ምድጃ ሆኖ ከፕሮቶንና ከኒውትሮን ቀላል ንጥረ ነገሮችን ጋግሯል። ሒሳቡ ከዚያ ምድጃ በክብደት ሩብ ያህል ሂሊየም፣ ሌላው ሃይድሮጅን፣ ከዚያ ደግሞ እፍኝ የማይሞላ ሊቲየም መውጣት አለበት ይላል። ጥንታዊ በሆኑ የኅዋ ጋዞች ላይ የሚገኘው የሂሊየም መጠንም ይኸው ነው።

የሌሊቱ ጨለማ ራሱ ምስክር ነው ብል አትገረሙ። ኅዋ ወሰን የሌለው፣ ዘላለማዊና የማይለወጥ ቢሆን ኖሮ ወደየትም ብናይ ዓይናችን መጨረሻ ላይ ኮከብ ያገኝ ነበር፤ ሰማዩም ሌሊት እንደ ፀሐይ ገጽ ባበራ ነበር። ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ኦልበርስ በ1823 ያነሳው እንቆቅልሽ ነው። ጫሞ ላይ የሚጨልመው ዋናው ምክንያት ዓለም ዕድሜ ስላለው ነው። ከሩቅ ያለው ብርሃን ገና አልደረሰንም።

ከመጀመሪያው ቅጽበት እስከ ፀሐይ

ቅደም ተከተሉን አንባቢ በእጁ እንዲይዘው በአጭሩ ላስቀምጠው።

አንድን ሰከንድ ለቢሊዮን አካፍሉት። የደረሰውን እንደገና ለቢሊዮን፤ እንዲህ እያላችሁ አራት ጊዜ። ግሽበቱ የተጀመረው በዚያች ቅንጣት ጊዜ አካባቢ ነው ተብሎ ይገመታል። ከዚያ በፊት ስላለው የሚናገር የተረጋገጠ ፊዚክስ የለም። ስበትንና የአቶሞችን ዓለም የሚያስተዳድሩት ሁለቱ ሕጎች እዚያ ላይ አልታረቁም።

ግሽበቱ ሲያበቃ የተለቀቀው ኃይል ወደ ቅንጣጢቶችና ወደ ግለት ተለወጠ። ሰከንዱ ለሚሊዮን ሲካፈል በሚደርሰው ጊዜ ገደማ ኳርክ የሚባሉት ቅንጣጢቶች ተሰባስበው ፕሮቶንና ኒውትሮን ሆኑ። አንድ ሰከንድ ላይ ኒውትሪኖ የተባሉት ከሌላው ተለይተው በነፃነት መብረር ጀመሩ። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የሂሊየም ኑክሌየስ ተጋገረ።

ከዚያ በኋላ ረጅም ጭጋግ ነበር። ብርሃን ከኤሌክትሮን ጋር እየተላተመ ወደፊት መሄድ አልቻለም። በ380,000 ዓመት ሙቀቱ ወደ 3,000 ዲግሪ ሲወርድ ኤሌክትሮኖች ከኑክሌየስ ጋር ተጣመሩ፣ አቶም ሆነ፣ ጭጋጉም ተገፈፈ። ያኔ የተለቀቀው ብርሃን እስከ ዛሬ 1,100 ጊዜ ያህል ተለጥጦ ማይክሮዌቭ ሆኗል። ፔንዚያስና ዊልሰን የሰሙት እርሱን ነው።

ከዚያ ጽልመት ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት የበሩት በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ነው። በታኅሣሥ 2021 የመጠቀው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ፣ ጽንፈ ዓለሙ 300 ሚሊዮን ዓመት ሳይሞላው የነበሩ ጋላክሲዎችን አሳይቶናል። ፀሐይና ምድር የመጡት ዘግይተው ነው፤ ከዛሬ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት።

ሳይገናኙ ቃል የገጠሙ ምስክሮች

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። የታላቁ ፍንዳታ መዝገብ እንዲህ የተሟላ ከሆነ ግሽበት የሚባለውን ነገር ምን አመጣው?

አንድ ጠበቃ ሊጠረጥረው የሚገባ ነገር ስላለ ነው። አንዱ ምስክር ከጂንካ፣ ሌላው ከሁመራ መጡ እንበል። ተገናኝተው አያውቁም፤ ደብዳቤም ስልክም የላቸውም። ችሎት ቀርበው ግን ቃል በቃል አንድ ዓይነት ምስክርነት ሰጡ። በመስቀለኛ ጥያቄ ምን ትላላችሁ? «ቀደም ብላችሁ የት ተገናኛችሁ?»

የሰማዩ ጨረርም እንዲሁ ነው። ከሰማይ ምሥራቅና ምዕራብ ጥግ የሚመጣው ሙቀት እስከ መቶ ሺሕኛ ድረስ እኩል ነው። በድሮው ስሌት ግን ብርሃኑ በተለቀቀበት በ380,000ኛው ዓመት እነዚያ ሁለት ቦታዎች ተገናኝተው ሊያውቁ አይችሉም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ብርሃን እንኳን ጊዜ አልበቃውም። ታዲያ ሙቀታቸውን ማን አስተካከለው?

ሁለተኛው ጥርጣሬ የሚዛን ነው። በኅዋ ውስጥ ያለው የቁስና የኃይል መጠን ከአንድ ልክ ትንሽ ቢበልጥ ሁሉም ወዲያው ተመልሶ ይጨመደድ ነበር፤ ትንሽ ቢያንስ ጋላክሲ ሳይሠራ ይበተን ነበር። ዛሬ ያለንበት እንዲሆን በመጀመሪያዋ ሰከንድ መጠኑ እስከ 15ኛው አሥርዮሽ ቤት ልክ መሆን ነበረበት። ይህን ያህል የተስተካከለ ሚዛን በገበያችን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሦስተኛው ሞኖፖል ነው፤ የንግዱ አይደለም። በወቅቱ የነበሩት የቅንጣጢት ቲዎሪዎች ሰሜን ብቻ ወይም ደቡብ ብቻ ያላቸው ማግኔቶች በብዛት መፈጠር አለባቸው ይሉ ነበር። አንድም አልተገኘም።

የታኅሣሥ 1979 ሌሊት

አላን ጉዝ ያኔ የ32 ዓመት ወጣት ተመራማሪ ነበር፤ ቋሚ ሥራ እንኳን አልነበረውም። በታኅሣሥ 1979 መጀመሪያ በካሊፎርኒያው ስታንፎርድ፣ ሌሊት ላይ ስለ ሞኖፖል ሲያሰላ ያልጠበቀው ነገር ወጣለት። ኅዋን የሞላው ኃይል ለቅጽበት አንድ ልዩ ሁኔታ ውስጥ ከቆየ ስበት መሳቡን ትቶ ይገፋል። ኅዋውም እጥፍ፣ የእጥፍ እጥፍ እያለ ይለጠጣል። ጽሑፉ በ1981 ታተመ።

ምን ያህል ተለጠጠ? ቢያንስ ከ1 በኋላ 26 ዜሮ የሚጻፍለት ያህል ጊዜ። ወደ 87 ጊዜ ገደማ በላይ በላዩ እጥፍ መሆን ማለት ነው። አንዲት ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላት የጤፍ ቅንጣት በዚያ መጠን ብትገሽብ፣ ስፋቷ 10 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይሆናል። ጎረቤታችን የአንድሮሜዳ ጋላክሲ የምትገኘው 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ነው። ይህ ሁሉ ያለቀው ዓይን ከመጨፈን በቢሊዮን ቢሊዮን ጊዜ ባጠረ ቅጽበት ነው። «ከብርሃን የሚፈጥን የለም አልተባለም እንዴ?» የሚል ካለ ተገቢ ተቃውሞ ነው። የአንስታይን ክልከላ ግን በኅዋ ውስጥ የሚጓዝን ነገር እንጂ የኅዋን የራሱን መለጠጥ አይመለከትም።

ሦስቱም ጥርጣሬዎች በአንድ ጊዜ መልስ አገኙ። ምስክሮቹ ተገናኝተው ነበር። ከግሽበቱ በፊት ተጠጋግተው ሙቀታቸውን ካስተካከሉ በኋላ ነው በድንገት የተራራቁት። የሚዛኑም ነገር እንዲሁ። ጫሞ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ውኃው ጠፍጣፋ ይመስለዋል፤ ምድር ግን ድቡልቡል ናት። እጅግ የተለጠጠ ነገር ውስጥ ትንሽ ክፍል ብቻ ስናይ ጉብጠቱ ይጠፋናል። ሞኖፖሎቹ ደግሞ ቢኖሩም በዚያ ስፋት ተበትነው አንዱንም ማግኘት የማይቻል ሆኗል።

የጉዝ ሐሳብ ግን ጎዶሎ ነበር። ግሽበቱ ከጀመረ በኋላ በሥርዓት እንዴት እንደሚያቆም ማሳየት አልቻለም፤ ይህንንም በዚያው ጽሑፉ ላይ ራሱ አምኗል። ጉድለቱን በ1982 ሞስኮ የነበረው አንድሬ ሊንዴ፣ በአሜሪካ ደግሞ አንድሪያስ አልብሬክትና ፖል ስታይንሃርት አስተካከሉት። ሶቪየታዊው አሌክሲ ስታሮቢንስኪ ደግሞ ከጉዝ ጽሑፍ ቀድሞ በሌላ መንገድ ወደ ተመሳሳይ ሐሳብ ደርሶ ነበር። በ2014 ጉዝ፣ ሊንዴና ስታሮቢንስኪ የካቭሊ ሽልማት በጋራ ወስደዋል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ያልታሰበው ውጤት ነው። በአቶሞች ዓለም ባዶ የሚባል ቦታ ፍጹም አይረጋም፤ ጥቃቅን ንቅናቄ አለበት። ግሽበቱ ያን ንቅናቄ ለጥጦ የጋላክሲ ዘር አደረገው። እንዲህ ከሆነ በጥንቱ ጨረር ላይ ከመቶ ሺሕ አንድ የሚያህል የሙቀት ልዩነት፣ ያውም በተወሰነ ሥርዓት ተሰራጭቶ መታየት አለበት። በ1992 ኮቢ የተባለችው ሳተላይት ልዩነቱን አገኘች፤ ለሥራውም ጆን ማዘርና ጆርጅ ስሙት በ2006 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ቀጥሎ በ2001 የመጠቀችው ደብሊውማፕ፣ ከዚያም በ2009 የመጠቀችው የአውሮፓ ሳተላይት ፕላንክ፣ የልዩነቱን ሥርዓት በዝርዝር ለኩ። ቲዎሪው ሰፋፊዎቹ ንቅናቄዎች ከጠባቦቹ በጥቂቱ እንዲጠነክሩ ይጠብቅ ነበር፤ የተገኘውም ይኸው ነው። የኛ ፍኖተ ሐሊብ፣ በዚያ ሌሊት ጫሞ ላይ የተዘረጋው፣ የእንዲህ ዓይነት ቅጽበታዊ ንቅናቄ ልጅ ነው ማለት ነው።

የቸኮለው ብይን

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው «እንግዲያው ተረጋገጠ» ሊል ይችላል። ቆይ፣ አንቸኩል።

ግሽበት ሌላም አሻራ መተው አለበት። ኅዋን ራሱን ያንቀጠቀጡ የስበት ሞገዶች በጥንቱ ብርሃን ላይ የጠመዝማዛ ቅርጽ ምልክት ያኖራሉ። መጋቢት 17 ቀን 2014 በደቡብ ዋልታ ባይሴፕ 2 በተባለ ቴሌስኮፕ የሚሠራ ቡድን ምልክቱን አገኘሁ ብሎ ለዓለም አበሰረ። አንድ የቡድኑ አባል የሊንዴን በር አንኳኩቶ ሲያበስረውና ሻምፓኝ ሲከፈት የሚያሳየው ፊልም ዓለምን ዞረ። ጋዜጦች ጻፉ፤ እኔም በደስታ አነበብኩ።

ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ። የፕላንክ መረጃ ሲመረመር ምልክቱ በአብዛኛው የራሳችን ጋላክሲ አቧራ ሆኖ ተገኘ። በጥር 2015 መጨረሻ ሁለቱ ቡድኖች መረጃቸውን አንድ ላይ አድርገው፣ የባይሴፕ ሰዎች ስማቸውን ጭምር ፈርመው፣ ግኝቱ እንደማይጸና አወጁ። ከዚያም አልተበተኑም፤ መሣሪያቸውን አሻሽለው ወደዚያው ብርድ ተመለሱ። በ2021 ያወጡት ውጤት ምልክቱ ቢኖር እንኳን ከዚህ ወሰን ሊበልጥ አይችልም የሚል ሲሆን፣ በጣም ቀላል የሚባሉትን አንዳንድ የግሽበት ሞዴሎች ከጨዋታ ውጭ አድርጓል። ፍለጋው አሁንም በደቡብ ዋልታና በቺሊ አታካማ በረሃ ቀጥሏል።

ተቃዋሚም አለው፤ ያውም ከቤት። ቲዎሪውን ካቆሙት አንዱ የነበረው ስታይንሃርት ዛሬ ዋና ተቺው ነው። ሞዴሎቹ በዝተው የማይገልጹት ነገር ከሌለ፣ ግሽበትም አንዴ ከጀመረ በሌላ ቦታ ሳያቋርጥ እየቀጠለ ቁጥር የሌላቸው ዓለማት የሚወልድ ከሆነ፣ በምን ስህተት ሊባል ይችላል? ይላል። በ2017 እርሱና ሁለት ባልደረቦቹ ይህንን በአንድ ታዋቂ የሳይንስ መጽሔት ሲጽፉ፣ ጉዝ፣ ሊንዴና ስቲቨን ሃውኪንግ ያሉበት 33 ሊቃውንት የፈረሙበት የተቃውሞ ደብዳቤ ወጣባቸው። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

ሦስት መዝገቦች

እኔ በሙያዬ ልማድ ጉዳዩን በሦስት መዝገብ ከፍዬ አየዋለሁ። ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ወዲህ ያለው፣ ማለትም ጽንፈ ዓለሙ የታፈገና የጋለ ሆኖ ጀምሮ እየሰፋና እየቀዘቀዘ መምጣቱ፣ ፍርድ ያረፈበት ጉዳይ ነው። ዝርዝሩ ይታረም ይሆናል እንጂ ፍሬ ነገሩ የሚገለበጥ አይመስልም። ግሽበት ከሳሽ በደንብ ያስረዳበት፣ ተከሳሽ ግን ተከላከል ተብሎ ገና ቃሉን እየሰጠ ያለበት መዝገብ ነው። ከግሽበቱ በፊት ምን ነበር የሚለው ደግሞ መዝገብ አልተከፈተበትም፤ ለመክፈት የሚበቃ ማስረጃ የለምና።

ሦስቱን ማደባለቅ ነው እኛን የሚያጣላን። አንዱ ወገን ሦስተኛውን እንደ መጀመሪያው ቆጥሮ «ሳይንስ ሁሉን ጨርሶታል» ይላል። ሌላው መጀመሪያውን እንደ ሦስተኛው ቆጥሮ «ቲዎሪ እኮ ነው፣ ግምት ነው» ይላል። ባሕረ ሐሳባችን ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5,500 ዓመት እንደሚቆጥር የምናውቅ ሰዎች፣ 13.8 ቢሊዮን ሲባል የሚሰማንን መንገጫገጭ አልክድም። በዚህ ረገድ ቄስ ለሜትር ጥሩ አርአያ ናቸው። በ1951 ጳጳስ ፒየስ 12ኛ አዲሱን ግኝት ከፍጥረት ቃል ጋር ያቀራረበ ንግግር ሲያደርጉ፣ ለሜትር ንግግሩ ቲዎሪያቸውን ይደግፋል ብለው አልተደሰቱም። እምነታቸውን በቴሌስኮፕ ማስደገፍም ሆነ ቀመራቸውን በእምነት ማስጠበቅ አልፈለጉም።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚቆረቁረኝ የባይሴፕ ታሪክ ነው። እነዚያ ሰዎች በዓለም ፊት የተናገሩትን በዓለም ፊት አረሙ። እኛ ዘንድ፣ በጠበቃውም፣ በባለሥልጣኑም፣ በጋዜጠኛውም፣ «ተሳስቼ ነበር» የሚል ቃል ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? እኔ ራሴ ለአንድ ዘበኛ ያልኩትን ለማረም ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል። ከሆቴሉ ብዙ ሳልርቅ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህራን ነበሩ፤ በማግስቱ ሄጄ ብጠይቅ ማን ከለከለኝ?

ዛሬ ልጁን ያዩልኝ ይሆናል የምላቸው ተቋማት አሉ። በ2004 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች እንዲተከሉ አድርጓል። የጥንቱ ጨረር በእነዚያ አይታይም፤ የሚሳቅበት ጥያቄ የሚጠይቅ ወጣት ግን ሳይሳቅበት የሚጠይቅበት ቦታ ሊሆኑ ይችላሉ።

ያ ወጣት አሁን አርባዎቹ ውስጥ ይሆናል። ምናልባት ይህን ያነብ ይሆናል በሚል፣ መልሱን በአጭሩ ላስቀምጥለት። ወንድሜ፣ የት ቦታ ነው ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። መሐል የሚባል የለም። የሆነው በሁሉም ቦታ ነው። እኔና አንተ የቆምንበት አፋፍ፣ አባያ፣ የእግዜር ድልድዩ፣ አዲስ አበባ፣ አንድሮሜዳም ጭምር ያኔ እዚያው ውስጥ ነበሩ። «በጣም ሩቅ» ያልኩህ ውሸት ነበር። ጣቴን ወደ ጫሞ መዘርጋቴ ግን ስህተት አልነበረም፤ ወደየትም ብዘረጋው ልክ ነበር።